ያልተነካው ፋብሪካ

«በመነሻው ዓመት ልጅዎ አልወለደችም» አለ ጠንክር ለሦስተኛ ጊዜ።

«በመነሻው ዓመት ልጄ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች!»

«እኔም እኮ የምልዎት ይኸንኑ ነው፣ እትዬ ኤልዳና።»

ወይዘሮ ኤልዳና በእጃቸው የነበረውን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በግራ በኩል ነው ያስቀመጡት፤ ቦታው ግራ ነው።

«ስማ፣ ዶክተር። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም።»

«ችግሩ እኮ እሱ ነው። ያኔ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ መዝገቡ ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር ይኖር ነበር።»

«አርባ ቀን ብቻ! ልጄን አርሼያት ልመለስ። ገንፎ ማን ያገነፋላታል?»

«በእሷ መሥሪያ ቤት የአራስ ቡድን አለ። ተመዝኖ የተረጋገጠ ነው።»

«ገንፎውን በሰባት ደቂቃ ነው አሉ የሚያወርዱት!»

«ስድስት ተኩል ደርሷል» አለ ጠንክር፣ ከልቡ ሊያጽናናቸው ፈልጎ።

ጊዜው ታኅሣሥ 2071 ዓ.ም. ነው። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ የብርቅዬ ደብተር ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ኤልዳና የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ ጠንክር ደግሞ ከአመራር ጥናት ተቋም የተመደበ ታዛቢ ነው። ጭቅጭቁ የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ለሻይ ተቋርጦ ከሻይ በኋላ ቀጥሏል።

ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዛሬ የመነሻው ዓመት በሚባለው፣ ተቋሙ የስድስት መቶ ፋብሪካዎችን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ባልዲ ውስጥ ጨምሮ ዕጣ አወጣ። ሦስት መቶዎቹ እንዲታገዙ፣ ሦስት መቶዎቹ ባሉበት እንዲቀጥሉ ወጣባቸው። ለታገዙት አማካሪ ተላከ፤ አሠራራቸው ተለካ፣ ተስተካከለ፣ እንደገና ተለካ። ያልተነኩት ግን ምንም አልተደረገላቸውም። የእነሱ ሥራ እንደነበሩ መሆን ነበር፤ የታገዙት ምን ያህል እንደተሻሻሉ የሚታወቀው በእነሱ ነውና። ጥናቱ ለሦስት ዓመት ነበር የታሰበው። በሦስተኛው ዓመት ውጤቱ ስላስደሰተ እንዲቀጥል ተወሰነ። በስድስተኛው ዓመት ውጤቱ ግራ ስላጋባ እንዲቀጥል ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ማንም መወሰን አላስፈለገውም።

ካልተነኩት ሦስት መቶ ፋብሪካዎች የሚበዙት ከሰሩና ተዘጉ። ሌሎቹ የጎረቤታቸውን አሠራር በአጥር እያዩ በመቅዳት ስለተሻሻሉ ከጥናቱ ተሰረዙ። ብርቅዬ ግን አልከሰረም፤ አልተሻሻለምም። ዛሬ ስለ ሥራ አመራር የሚወጣ ሪፖርት ሁሉ፣ የሆስፒታሉም ይሁን የውሃው፣ «ከብርቅዬ ጋር ሲነጻጸር» ብሎ ይጀምራል። በደብተር የሚጽፍ ሰው ከጠፋ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ደብተሩን በሙሉ የሚረከበው ተቋሙ ነው፤ ፈጭቶ፣ ወረቀት አድርጎ፣ መልሶ ለብርቅዬ ይልከዋል።

በብርቅዬ አሥራ ሰባት ሰዎች ይሠራሉ፤ በመነሻው ዓመትም አሥራ ሰባት ነበሩ። የግድግዳው ሰዓት ያኔ አሥራ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ይል ነበር፤ አሁን በየወሩ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እየመጣ፣ መዘግየቱ ከአሥራ ሁለት አለመብለጡንና አለማነሱን ያረጋግጣል። የአስተያየት መስጫው ሳጥን ቁልፍ በመነሻው ዓመት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተገኝቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ በቃለ ጉባኤ ጠፍቷል። ቁጥር አራት ማሽን ያኔ ዓርብ ዓርብ ይበላሽ ነበር። አሮጌው ማሽን አልቆለት በምትኩ የመጣው አዲሱ ግን አልበላሽ አለ። ስለዚህ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ መካኒክ መጥቶ ያበላሸዋል። ሠራተኛውም ዙሪያውን ከብቦ እንደ ድሮው ምክር ይሰጣል።

ሰው ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ በእኩያው ይተካል። ለዚህ ፈተና አለ። ጋሽ ናሆም የሚባሉት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲቀጠሩ፣ በስንፍና ፈተና ከመቶ ዘጠና አንድ ነበር ያመጡት። ዘጠኙን ነጥብ ያጡት፣ እንደሚሉት፣ ፈተናው ላይ በሰዓቱ በመገኘታቸው ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሰባት ሰዎች ዛሬ የቀሩት ወይዘሮ ኤልዳና ብቻ ናቸው። ጡረታቸው «ለጥናቱ ሲባል» ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። የመጀመሪያው ሰው ሁሉ ካለቀ ጥናቱ ይዘጋል፤ ጥናቱ ከተዘጋ ደብተሩን የሚረከብ አይኖርም፤ አሥራ ስድስቱ ሰዎች ቤታቸው ይገባሉ። ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ያውቃሉ። ጥለው ያልሄዱትም ስለዚህ ነው።

ልጃቸው አጸደ ሐዋሳ በአንድ የታገዘ ጫማ ፋብሪካ ትሠራለች። እዚያ ጠዋት ጠዋት ሰው ሰላም አይባባልም። «እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና» የሚለው መግቢያው ግድግዳ ላይ ይበራል፤ እያዩ ማለፍ ነው። እናትና ልጅ በስልክ የሚገናኙት እሑድ እሑድ ሲሆን፣ ጠንክር መስመሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። የታገዘ ሰው ላልተነካ ሰው ሳያስበው አንድ ዘዴ ሹክ ቢል ጥናቱ ይበከላል። አንድ ጊዜ አጸደ «እማዬ፣ ማኅተሙን ለምን በቀኝ በኩል አታደርጊውም? እጅሽ ቅርብ አይደል?» ብላ ነበር። ወይዘሮ ኤልዳና ሰኞ ዕለት ሞከሩት፤ ማክሰኞ ኮሚቴ መጣ። ማኅተሙ ወደ ግራ ተመለሰ፤ ዙሪያውም በቀለም ተሰመረበት።

ያለፈው እሑድ ግን ስለ ማኅተም አልተወራም።

«ቡድኑ መጥቶ አየኝ፣ እማዬ። አራት ሴቶች ናቸው። አንዷ ‹አይዞሽ› የምትል ናት፤ ሥራዋ እሱ ብቻ ነው።»

«እንዴት አድርጋ አለችሽ?»

«ጥሩ አድርጋ ነው ያለችኝ። በጣም ጎበዝ ናት። ግን እማዬ፣ አንቺ ነይልኝ።»

ጠንክር በጆሮ ማዳመጫው ይኼን ሰምቶ፣ ቅጹ ላይ «ስለ አሠራር የተነሳ ነገር የለም» ብሎ ጻፈ።

ረቡዕ ዕለት ወይዘሮ ኤልዳና በጽሑፍ ላቀረቡት ማመልከቻ የተቋሙ መልስ መጣ። ወይዘሮ ኤልዳና መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ሻይ ክፍል ይዘውት ገብተው ለጋሽ ናሆም ሰጧቸው።

«ድምፅ አውጥተህ አንብበው እስቲ። እኔ በትክክል ያነበብኩት አልመሰለኝም።»

ጋሽ ናሆም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹የእናትነት ስሜትዎን ተቋሙ በአድናቆት መዝግቦታል።› ጥሩ ነው፣ መዝግበውልሻል። ‹ይሁን እንጂ በመነሻው ዓመት በክፍልዎ ፈቃድ የወሰደ ሰው ስላልነበረ፣ የጠየቁት ፈቃድ የፋብሪካውን ያልተነካ ጠባይ የሚያዛባ ሆኖ ተገኝቷል። ልጅዎ መውለዷን እስከ ጥናቱ ማጠቃለያ፣ እስከ 2076 ዓ.ም.፣ ማዘግየት የሚቻልበት ሁኔታ ካለ...›»

«በቃ።»

«ገና አላለቀም እኮ። ‹ከወዲሁ መልካም ወሊድ› ይላል።»

«ቀኗ ደርሷል፣ ናሆም። የዛሬ ሳምንት ነው ያሏት። ምን ላድርግ? ጥዬ ልጥፋ? ብጠፋ እናንተስ?»

ጋሽ ናሆም ደብዳቤውን አጥፈው ከስኳሩ ዕቃ ሥር አደረጉት። «አንቺ ደግሞ! ሰው ፈቃድ ይጠይቃል?»

«እና?»

«ማን ጥፊ አለሽ? ወንበርሽ ላይ ኑሪ፤ ሐዋሳ ሂጂ።»

ወይዘሮ ኤልዳና አልገባቸውም። ጋሽ ናሆም ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ባለፈው ዓመት መስከረምና ጥቅምትን የት ነበርኩ?»

«እዚህ ነበርክ።»

«አንኮበር ነበርኩ። ቤት ሳሠራ።»

«ሂድ አትዋሽ! በየቀኑ ጠዋት ስገባ ‹እንደምን አደርክ ናሆም› እልህ አልነበር እንዴ?»

«ኮቴ ነግሮኛል» አሉ ጋሽ ናሆም። «በጣም አከበረችን አለኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመነሻው ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ታዛቢ በር ላይ ቆሞ «የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሉም?» ብሎ ጠየቀ። «አሉ» አሉት። «የት?» አለ። «ኮታቸው ይኸው» አሉትና ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ኮት አሳዩት። «አሁን ወጣ ብለው ነው።» ታዛቢው ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ «አሉ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱም ኮቱ ነበረ። ዓመቱን ሙሉ ነበረ። የኮቱ ባለቤት ሰንዳፋ በግ ያደልቡ እንደነበር የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አቆጣጠሩ ደንብ ቁጥር ዘጠኝ ተብሎ መመሪያው ውስጥ ገብቶ ነበር። ደንቡ ቢለወጥ የሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ቆጠራ እርስ በርሱ አይገጥምም። ስለዚህ ኮቶቹ ከሥራ መደቡ ጋር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

ወይዘሮ ኤልዳና ሻያቸውን ትተው ተነሱና ከቢሮ ቢሮ፣ ከአዳራሽ አዳራሽ ዞሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ሰባት!» አሉ። «ሰባቱ ኮት ነው!»

«ስምንት ነው። የሒሳብ ሹሙ ካፖርት ከፋይሉ ጀርባ ስለሆነ አይታይም።»

«እና እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለምንድን ነው የመጣሁት?»

ጋሽ ናሆም በእውነት አሰቡበት። «አንድ ሰውማ መምጣት አለበት» አሉ። «ማኅተሙን ማን ይመታዋል?»

ችግሩ ወይዘሮ ኤልዳና ኮት የላቸውም። በመነሻው ዓመትም ነጠላና ሹራብ ነበር የሚለብሱት። ዛሬ ደግሞ በከተማው ኮት የሚሸጥ የለም፤ ሁሉም ሰው በራሱ የሚሞቅ ሰደርያ ነው የሚለብሰው። ጋሽ ናሆም የራሳቸውን እንዳያውሷቸው፣ ታኅሣሥ ነው፤ ገብሳቸው ገና አልተወቃም፤ ኮቱ ነገ ከነገ ወዲያ ሥራ አለበት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለዘጠኝ ሰዓቱ ቆጠራ ጠንክር በሩ ላይ ብቅ ሲል ወይዘሮ ኤልዳና ጠበቁት። እንደ ወትሮው ቡናማ የሱፍ ኮት ለብሷል። የመጀመሪያው ታዛቢ ይህን ኮት ለብሶ ስለመጣ፣ ሠራተኞቹ አዲስ ነገር አይተው ጠባያቸው እንዳይለወጥ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ተረካክበውታል። ጠንክር አምስተኛው ነው፤ እጅጌው ይረዝምበታል።

«ጠንክር፣ ኮት ትቆጥራለህ?»

ጠንክር ጆሮው ቀላ። «ደንብ ቁጥር ዘጠኝ ነው።»

«ሰው እንደሌለ እያወቅህ?»

«ሰው እንደሌለ አላውቅም፣ እትዬ። ኮት እንዳለ ነው የማውቀው።»

«እሺ፣ እኔም ነጠላዬን ልስቀለዋ።»

«ነጠላ አይቆጠርም። በ2053 ጥያቄው ተነስቶ ኮሚቴ አይቶታል። ነጠላ ይረሳል፤ ኮት ግን ሰው ትቶት አይሄድም ተብሎ ነው የተወሰነው።»

«ከየት ላምጣ ታዲያ ኮት? ልውለድ?»

ግምጃ ቤቱን ከቢሮው ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ጋሽ ናሆም ሳቃቸውን በሳል ቀየሩት። ጠንክር ቅጹን አገላበጠ፤ እዚያ ላይ መልስ አልነበረም። ወይዘሮ ኤልዳና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ስትወለድ እናትህን ማን አረሳት?»

«አያቴ።» ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ከመሐል ሜዳ በእግሯ መጥታ ነው። ቅቤውን በቅል ይዛ» አለ።

«ማን ፈቀደላት?»

ጠንክር መስኮቱን አየ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ጨመረበት። ሁለት የምርምር ጽሑፎች አሳትሟል፤ ሦስተኛው በዚህ ፋብሪካ የሰዎች መገኘት ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ንቅንቅ አለማለቱን የሚያስረዳ ነው። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ።

«ዛሬ ሙቀት ነው» አለ።

ጋሽ ናሆም መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉና በመስኮቱ ግቢውን አዩ። ከጠዋቱ ውርጭ የተረፈው ጥላው ሥር ገና ነጭ ነበር፤ ዘበኛው በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ እሳት ላይ ተደፍቷል። «በጣም» አሉ። «ያስጨንቃል።»

ጠንክር ኮቱን አውልቆ በወይዘሮ ኤልዳና ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠለጠለው። ትከሻው እንዳይንጋደድ በሁለት እጁ አስተካከለው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ከበሩ ሆኖ አየው፤ ተመልሶ ኮሌታውን ቀና አደረገው።

«የነገው ቆጠራ አራት ሰዓት ላይ ነው» አለ፣ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልተለወጠውን ሰዓት የማያውቅ ያለ ይመስል። ከዚያ በሸሚዝ ወጣ። በግቢው ሲሻገር መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ሮጠ።

ዓርብ ወይዘሮ ኤልዳና በሁለት ሰዓት ገቡ። አንድ ዘንቢል ይዘዋል፤ ውስጡ የገብስ ዱቄት፣ አንድ ቆርቆሮ ቅቤና የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አለ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ኮቱን እንዳይደገፉት ተጠንቅቀው ነበር። የአርባ ቀን የመቆጣጠሪያ ወረቀቶችን አስቀድመው በማኅተም መቱ። ይህን ሲያደርጉ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማኅተሙ በቀኝ በኩል ነበር፤ ሥራው ቶሎ አለቀ። ሲጨርሱ በቀለም የተሰመረበት ቦታ መለሱት።

በሦስት ሰዓት ተኩል መካኒኩ መጥቶ ቁጥር አራትን አበላሸው። ኮት ያልሆነው ሠራተኛ ሁሉ ተሰበሰበ።

«ዘይት ነው የጎደለው!»

«የምን ዘይት? ቀበቶው ነው። እኔ ባለፈው ዓርብ ተናግሬ ነበር።»

«አንተ ምን የማትናገረው አለ? ምታው እስቲ ከጎኑ!»

«በግራ ነው የሚመታው፣ በግራ! ኧረ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ሊያስተካክለው ነው እንዴ?»

በግድግዳው ሰዓት አራት ሲሆን ጠንክር ቢሮውና አዳራሹ በሚገናኙበት በር ላይ ቆመ። በሸሚዝ ነው፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። የታዛቢ ወግ እንደሚያዘው ከቀኝ ጥግ ጀምሮ በዓይኑ መቁጠር ጀመረ፤ ማሽኑን የከበቡትን፣ መስኮቱ ሥር ያሉትን፣ የሒሳብ ሹሙን ካፖርት። የሐዋሳው አውቶብስ የሚነሳው በአራት ሰዓት ተኩል፣ በትክክለኛው ሰዓት ነው። ወይዘሮ ኤልዳና ነጠላቸውን አጣፉ፤ ዘንቢላቸውን አነሱ፤ ጠንክር ፊቱን ወደ ቀኝ ጥግ እንዳዞረ በጀርባው በኩል አለፉ። ዘንቢሉ የበሩን መቃን ነካው። ጠንክር መቁጠሩን ቀጠለ።

ቆጥሮ ሲጨርስ ሊጽፍ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ ያገኘው ሸሚዝ ነው። እርሳሱ ያለው ኮቱ ውስጥ ነው። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ኤልዳና ወንበር ሄዶ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ፣ እትዬ ኤልዳና» አለና እርሳሱን ከኪሱ አወጣ።

ጋሽ ናሆም፣ የራሳቸው ኮት ከጀርባቸው ተሰቅሎ፣ በዚያን ቀን ግን በአካልም ተገኝተው፣ «እንዴ፣ ኮትህስ ልጄ?» አሉት።

«የት እንዳደረግሁት እንጃ» አለ ጠንክር። «አሥራ ሰባት» ብሎም ጻፈ። ቀጥሎ ባለው አምድ ላይ «ለውጥ የለም» ብሎ ሞላ።

ቁጥር አራት አንድ ጊዜ ጓ አለና እንደገና ቆመ፤ አዳራሹ በእፎይታ ተንጫጫ።

በግቢው በር ላይ ዘበኛው ከእሳቱ ሳይነሳ መዝጊያውን ገመድ ለወይዘሮ ኤልዳና ዝቅ አደረገላቸው። ወዴት ነው አላላቸውም። በመነሻው ዓመት የነበረው ዘበኛም ማንንም አልጠየቀም ነበር።